ሰሌኑ ላይ የቆመው ሰው

የረግረግ ዶሮ በዱላ የሚገደለው በዓመት ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሦስት ቀን ነው። በሌላው ጊዜ ሣሩ ውስጥ ተሸሽጋ ድምጿን ብቻ ታሰማለች፤ ከጎንህ ሆና ስትጮህ እንኳ አታያትም። የመስከረም ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ግን ባሕሩ ከልኩ ያልፋል። በዚያ ላይ የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ከገፋው ውሃው ረግረጉን እስከ ሣሩ ጫፍ ይውጠዋል፤ ዶሮዋም መግቢያ ታጣለች። በረራ አይሆንላትም፤ ብትነሳም እግሯን አንጠልጥላ ጥቂት ሄዳ ትወድቃለች። እኛ ጀልባችንን በዘንግ እየገፋን እንደርስባትና በመቅዘፊያ አናቷን እንላታለን። ለእሷ ጥይት ማባከን በእኛ ዘንድ ነውር ነበር።

ጀልባውን ለአባቴ የምገፋለት እኔ ታቢታ ነበርኩ። አባቴ ሌቪን ወንድ ልጅ አልወለደም፤ እኔና ታናሼ ሳብራ ብቻ ነን። ቤታችን ከቨርጂኒያ የብስ በሸራ ጀልባ ግማሽ ቀን የሚያስኬድ የአሸዋ ደሴት ላይ ነው፤ ፊታችን ውቅያኖስ፣ ጀርባችን ረግረግ። እናታችን ሳብራን ወልዳ በሳምንቷ ስትሞት እኔ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሳብራን በጉያዬ አሳደግኋት። ጥርስ ስታወጣ የነከሰችው የእኔን ጣት ነው። የሚያገባኝ ሰው አልመጣም፤ ቢመጣም እሷን ጥዬ አልሄድም ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም፤ ቀጥሎ የሚመጣው እንዲገባችሁ ነው።

ኦሪን የሚባለው ሰው የመጣው ሳብራ ሃያ ዓመት ሲሞላት ነው። ስለ ወፍ የሚጽፍ የከተማ ሰው ነበር፤ ሁለት በጋ እኛ ቤት አርፎ ደብተሩን ይዞ ማጥ ውስጥ ሲማስን ይውል ነበር። ደሴቱ በሞላ «ጸሐፊው» ይለዋል። አንድ ቀን ማጡ ላይ የሚኖር ዛጎል ምንቃሩን ገጥሞ የያዘበት ወፍ አገኘ። እንዲህ ያለው ወፍ ሙላቱ ሲመጣ እዚያው እንደተያዘ ይሰጥማል፤ በየዓመቱ የምናየው ነገር ነው። ጸሐፊው በቢላዋ ዛጎሉን ፈልቅቆ ወፉን ለቀቀው። አባቴ ይህን ሲሰማ፣ ዛጎሉስ ምን በደለው ብሎ ቀኑን ሙሉ ሲስቅ ዋለ። ሳብራ ግን አልሳቀችም። ሄዳ ከጸሐፊው ጎን ተቀመጠችና ስለ ወፉ ትጠይቀው ጀመር።

ጠላሁት። ምንም አላደረገኝም፤ ጫማውን ደጅ አውልቆ የሚገባ፣ የቀረበለትን የሚበላ፣ እኔንም «እህት ዓለም» እያለ የሚጠራ ሰው ነበር። የጠላሁት ሳብራን ወደ የብስ ሊወስዳት ስለሆነ ነው። አንቺም ከእኛ ጋር ነይ፣ ቤቱ ይበቃናል ብሎኛል። ሳብራም እንዲሁ ለምናኛለች። ከጓዝ ጋር የምትጫን ድመት አይደለሁም አልኳቸው። ኩራት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። እሷ ስትሄድ ከአንድ ሽማግሌና ከጭቃ ጋር እንደምቀር አሰብኩት፤ ዘንግ እየገፋሁም፣ መረብ እየጠገንኩም አሰብኩት።

ሳብራ ያለ አባቷ ፈቃድ ከደሴቱ እንደማትወጣ በእናታችን መቃብር ላይ ምላ ነበር። አባታችን ደግሞ ልጁን በዋዛ የሚሰጥ ሰው አይደለም። ጸሐፊው ሊጠይቀው ሲመጣ እኔም እዚያው ነበርኩ።

«ከዚህ ደሴት ሚስት የወሰደ ሁሉ ከረግረጉ አብልቷል» አለው አባቴ። «እኔም ለሚስቴ አባት አርባ ዶሮ በዱላ ገድዬ ነው፤ ያለ ጀልባ፣ ያለ ጠመንጃ። አንተም በመስከረሙ ሙላት አርባ አምጣና ውሰዳት። አንዲት ብትጎድል ወደ ከተማህ።»

«እኔ ገድዬ አላውቅም፣ አባት» አለ ኦሪን።

«አግብተህስ መቼ ታውቃለህ?»

አርባ ዶሮ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነበር። ሳብራ ለብቻው ወስዳ ለመነችው፤ አንድ ጠዋት ብቻ ነው፣ ዓይንህን ጨፍነህ ምታ አለችው። እሺ አላት። አባቴ ሊያስተምረው ብሎ ዱባ በአሸዋው ላይ ደርድሮ ዱላ አስያዘው። ጸሐፊው ዱባውን እንኳ እንዳያመው ቀስ አድርጎ ነበር የሚመታው። አጎቴ ሴቨርን ከአጥር ወዲያ ቆሞ፣ አንተ ልጅ መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቀው አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ኦሪንም አብሮ ሳቀ። ምግቡን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ይገፋው ነበር። ሰኔ ላይ ከሰል የመሰለች የዶሮዋን ጫጩት በመዳፉ ይዞ ለሳብራ ሲያሳያት አይቼዋለሁና ለምን እንደሆነ ገብቶኛል።

ያለ ጀልባ ዶሮ የሚገደለው ሰሌን ላይ ቆሞ ነው። ክረምቱ የሰበረው ደረቅ ሣር በሙላት ተገፍቶ ረግረጉ ላይ ይከመራል፤ ተጠላልፎና ተጠቅጥቆ ውፍረቱ እስከ ጉልበት፣ ስፋቱ የቤት ወለል ያህል ይሆናል። ሰሌን የምንለው ይህን ነው። ውሃው ሁሉን ሲውጥ ከላይ የሚቀረው እሱ ብቻ ስለሆነ ዶሮውም አይጡም እባቡም ይወጣበታል። ሰውየው መካከሉ ላይ ቆሞ የወጣውን መምታት ነው።

ሰሌን ግን ሁለት ዓይነት ነው። አሮጌው ዓመት ስለ ከረመ ከታች ሣር በቅሎበት ከማጡ ጋር ተሰፍቷል፤ ውሃ ቢመጣበት አይነቃነቅም። አዲሱ በዚያው በጋ ማዕበል ያመጣው ነው፤ ተኛ እንጂ አልተያዘም። ለእንግዳ ሰው ሁለቱም አንድ ናቸው፤ እንዲያውም አዲሱ ደረቅና ለዓይን የሚያምር ነው። እኛ በዘንግ ወጋ አድርገን እንለየዋለን። አሮጌው ዘንጉን ይዞ አይለቅም፤ አዲሱን ግን ዘንጉ በስቶት ያልፍና ውሃ ፊጭ ይላል። ይህን የደሴቱ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ሁሉም ስለሚያውቀው ለጸሐፊው ልንገረው ያለ ሰው አልነበረም።

የሙላቱ ቀን ጠዋት ነፋሱ እንደተፈለገው ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍስ ነበር። ሳብራ አሸዋው ጉብታ ላይ ወጥታ እጇን እያወዛወዘች ሸኘችን። ኦሪን ጀልባው ውስጥ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ረግረጉ መካከል ስንደርስ ሁለት ሰሌን ነበር፤ አሮጌው ግራጫ በግራ፣ አዲሱ ቡናማ በቀኝ። አባቴ ከፊት ቆሞ ዶሮ ይፈልጋል፤ ወደ ኋላ አያይም።

«ታቢታ፣ የትኛው ይሻለኛል?» አለኝ ኦሪን ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

በዘንጉ ወደ ቡናማው ጠቆምኩት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እህት ዓለም» ብሎ ወረደ።

ይሙት ብዬ አይደለም። ያኔም ለራሴ ይህን ብያለሁ፣ ዛሬም እላለሁ፤ የሚያምነኝ ይመን። ስሌቴ እንዲህ ነበር። ሰሌኑ ሲነሳ ነፋሱ ወደ የብሱ በኩል ይገፋዋል፤ የትንሹ ቦይ መታጠፊያ ላይ ደርሶ ይሰነቀራል። እኔ ራሴ በዐሥራ አንድ ዓመቴ እንዲህ ያለ ሰሌን ወስዶኝ እዚያው መታጠፊያ ላይ ቆሞልኝ፣ አባቴ አንገቴን ይዞ አውርዶኛል። ጸሐፊው በድንጋጤ አርባው ቀርቶ አራት አይገድልም። ጭቃ ለብሶ፣ ተስቆበት፣ በሚቀጥለው ጀልባ ወደ አገሩ ይሄዳል። ሳብራ ትቀርልኛለች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ ያን ዕለት ግን ስትስቅ የነበረችው ሌላ፣ የተወሰደው ሌላ።

ሦስት ሰዓት ገደማ ሙላቱ ደረሰና ሥራ ጀመርን። ዶሮዎቹ ገሚሱ ሣሩ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ገሚሱ አንገቱን ዘርግቶ ይዋኛል። ብልጦቹ ውሃ ውስጥ ገብተው የሣሩን አገዳ በእግራቸው ጨብጠው ምንቃራቸውን ብቻ ያወጣሉ። ምንቃሯን አይቼ በዘንጉ ጫፍ ወደ ታች ስጫናት አረፋ ትተፋለች፣ ከዚያ ትላላለች። አባቴ ሳትሞት የቀረችውን አንስቶ አንገቷን በአውራ ጣቱ ቀጭ ያደርግና ሳያይ ወደ ኋላ ይወረውራታል፤ እግሬ ላይ እየወደቁ ይፈራገጣሉ። አንዲት ሳንቃ ላይ አራት አይጦችና አንድ እባብ ተጠጋግተው ሲንሳፈፉ አየን። ጭልፊት እየተመላለሰች አይጦቹን አንድ በአንድ ስትለቅማቸው እባቡ ዞር እንኳ አላለም። አባቴ፣ ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው አለ። ሳቅን።

ከዚያ ነፋሱ ቆመ። መቆሙ በመጀመሪያ ጉንጬ ላይ ተሰማኝ። ውሃው ልክ ሙላቱ ላይ ደርሶ ረጋ። ዞር ስል ሰሌኑ ከነበረበት የለም። ወደ መታጠፊያውም አልሄደም። ወደ ትልቁ ቦይ ጠርዝ ወርዶ ቀስ እያለ ይዞራል። ትልቁ ቦይ የሚወርደው ወደ ባሕሩ በር ነው፤ ከበሩ ወዲያ ያለው ውቅያኖስ ነው።

ኦሪን መካከሉ ላይ ቆሟል። ዶሮዎቹ እግሩ ሥር ተኮልኩለዋል፤ ከርቀት ስገምታቸው አርባ ይሞላሉ፣ ቢያንሱ ከሠላሳ አያንሱም። ዱላው በእጁ ነው፤ አንዲቷንም አልመታም። ከዚያ ጮኸ። ድምፁ ደረሰን፣ ቃሉ ግን አልተለየም።

«ምን ይላል?» አለ አባቴ ሳይዞር፤ ጆሮው ከበድ ይል ነበር።

«ስንት እንደገደለ እየነገረን ነው» አልኩት።

አባቴ ፈገግ አለ። «እንግዲያማ ወንድ ወጣው» አለ።

ያን ጊዜ መሄድ እችል ነበር። መንገዱ ሦስት መቶ ክንድ ቢሆን ነው፤ ውሃው ሙሉ ነው፣ ጀልባው ይንሳፈፋል፣ እኔም ጉልበት አላጣሁም። ኦሪን ባርኔጣውን አውልቆ አወዛወዘልኝ። አባቴ ግን በግራ በኩል ብዙ ዶሮ የተጠጋበት ሣር አይቶ ወደ ግራ አለኝ። ወደ ግራ ገፋሁ። ለምን ብትሉኝ፣ ትንሽ ይፍራ ብዬ ነው። ከዚያ ደግሞ ትንሽ ይጨምር ብዬ። እዚያ ሣር ላይ ዐሥራ ሁለት ዶሮ ገደልን።

የታላቁ ሙላት ውሃ አመጣጡ ዝግ ያለ ነው፤ ሲመለስ ግን ጊዜ አይሰጥም። የሣሩ ጫፍ ወደ ባሕሩ ሲዘቀዘቅ አየሁ፤ ውሃው መመለስ ጀምሯል።

«አባዬ፣ ሰሌኑ ተነስቷል» አልኩት።

መቅዘፊያውን እንደያዘ ዞረ። ሰሌኑ ትልቁ ቦይ ውስጥ ገብቶ መሄድ ጀምሯል። «የትኛው ላይ ነው የወረደው?» አለኝ።

«አዲሱ ላይ።»

«አንቺ እያለሽ?»

«ራሱ መረጠ» አልኩ።

ገፋሁ። እንደዚያ ዘንግ ገፍቼ አላውቅም። ጀልባው ግን ከመቶ ሠላሳ የሚበልጥ ዶሮ ተጭኖበት ሆዱ ማጡን ይልሳል። እንጣለው ብዬ ለመንኩት። አባቴ በሁለት እጁ አቅፎ ያዘው፤ የእግዜር ምግብ አይጣልም አለ። ስንከራከር ውሃው ከሥራችን አለቀ፣ ጀልባውም ተቀመጠ። ከእኛ እስከ ቦዩ ያለው ማጥ የገባበትን እስከ ወገቡ የሚውጥ ነው። የደሴቱ ወንድ ሁሉ ያን ቀን ረግረግ ላይ ነበር፤ ሴቨርንም ከማዶ እንደ እኛው ተቀምጧል። ዶሮው ላይ ቁጭ ብለን ጸሐፊው ሲሄድ አየነው። ሸርጣኖቹ ከየጉድጓዳቸው ወጥተው አንድ ትልቅ ክንዳቸውን ያወዛውዙ ጀመር።

የባሕሩ በር ያለው በደሴታችን ጫፍ፣ ከቤታችን በታች ነው። ሳብራ አይታው ነበር። ቀሚሷን ሰብስባ በባሕሩ ዳር ከእሱ እኩል ስትሮጥ ነጭ ሽርጧ ይታየኝ ነበር። ውሃው ይዞት በፊቷ ሲያልፍ በመካከላቸው ያለው የድንጋይ ውርወራ ያህል ነው። እሷ እየሮጠች፣ እሱ እንደቆመ ተነጋገሩ፤ ሲነጋገሩም እጁን ወደ እኛ ሲዘረጋ አየሁት። ከዚያ መሬቱ አለቀባት። እስከ ደረቷ ባሕሩ ውስጥ ገባች፤ ማዕበሉ መልሶ አሸዋው ላይ ጣላት። ሰሌኑ በሩ ላይ ካለው ማዕበል ሲደርስ እንደ ደረቀ የበቆሎ ቂጣ ተፈረካከሰ። ከዚያ በኋላ የቆመ ነገር አላየሁም።

ከማጡ የወጣነው ደረታችንን ጀልባው ላይ ደግፈን እየገፋን፣ ቀትር ካለፈ በኋላ ነው። ሴቨርንም እንደ ምንም ወጥቶ በሸራ ጀልባው ከሁለት ሰዎች ጋር በበሩ ወጣ። እኛ ቤት ገባን። የመስከረም ሙቀት ነው፣ ዶሮው ደግሞ እስከ ማታ አይቆይም። አባቴ ዶሮውን ደጃፉ ላይ ዘረገፈና ቁጭ ብለን እንድንነጭ አዘዘን። ሳብራም ተቀመጠች። ቀሚሷ ላይ የባሕሩ ጨው ደርቆ ነጭ ሆኗል። ሦስታችንም ነጨን፤ ላባው ጉልበታችን ድረስ ሞላ። እኔ ቆዳውን እቀድ ነበር፣ እሷ ግን አንዲቷንም አልቀደደችም። አንድም ነገር አልጠየቀችኝም።

ሴቨርን የተመለሰው በሦስተኛው ቀን ነው። ሬሳ አላገኘም። ያገኘው የገበታ ያህል የሚሆን የሰሌን ቁራጭ ነው፤ ላዩ ላይ ሦስት ዶሮዎች በሕይወት ተቀምጠውበት ነበር። ሴቨርን ሴቨርን ነውና ገድሎ አመጣቸው። የሳብራ እግር ሥር አስቀምጦ፣ እነዚህ የእሱ ናቸው አላት፤ ማጽናናቱ ነበር። አባቴ ዶሮዎቹን ቆጠራቸው።

«ቢመጣ በሦስትም እሰጠው ነበር» አለ።

ሳብራ ሦስቱንም ነጨቻቸው።

በጥቅምት ከኦሪን እናት ደብዳቤ መጣ። ልጄ የመረጠሽ ልጄ ነሽ፣ መጥተሽ ከእኔ ጋር ኑሪ ይላል። አባታችን ከዚያ ቀን ወዲህ ትከሻው ወድቆ ነበርና ያለ ክርክር ሂጂ አላት። የሚወስዳት ጀልባ ደጅ ቆመ። ሻንጣዋን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ቀሚሶቿን አንድ በአንድ አጠፍኩላት። ልትሄድ ነው፣ የሠራሁት ሁሉ ከንቱ ነው እያልኩ ነበር የማጥፈው። እውነቱን እየተናገርኩ ነው፤ የሞተውን ሳይሆን የምትሄደውን ነበር የማለቅስላት።

ሳብራ ገባች፣ ሻንጣውን ከፈተች፣ ልብሱን እያወጣች አልጋው ላይ መደርደር ያዘች።

«አትሄጂም?» አልኳት።

«አልሄድም።»

ደስ አለኝ። ሰው አጥፍቼ፣ እንባዬ ጉንጬ ላይ ሳይደርቅ፣ እንደ ሕፃን ደስ አለኝ። ላቅፋት ተጠጋሁ። መዳፏን ደረቴ ላይ አድርጋ አቆመችኝ።

«ለምን እዚያ ላይ ወጣህ ብዬ ጠየቅሁት» አለች፤ ድምጿ እንደ ወትሮው ነበር። «ታቢታ ናት ያሳየችኝ፣ አሁን ትመጣልኛለች አለኝ። እጁን ወደ አንቺ ዘርግቶ። እስከ መጨረሻው የምትመጪ መስሎት ነበር።»

«ለአባዬ ለምን አልነገርሽውም?» አልኳት።

«ያባርርሻላ። ካባረረሽ የት አገኝሻለሁ?» ቀሚሷን አራግፋ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። «እንድቀርልሽ አይደል የፈለግሽው? ይኸው ቀረሁልሽ።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው። አባታችን ሞቷል፤ ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ ወደ የብስ ገብተዋል፤ እዚህ የቀረነው ሁለታችን ነን። ሳብራ ለማንም አልተናገረችም፤ ለእኔም ከዚያ ቀን በኋላ ክፉ ቃል ተናግራኝ አታውቅም። ስታመም ሌሊቱን ሁሉ ቁጭ ብላ ታስታምመኛለች፤ እንዳልሞትባት ትፈራለች። ምግብ ሲቀርብ ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች፤ በልቼ እስክነሳ ድረስ ዓይኗን ከፊቴ ላይ አታነሳም።